ሁለት ቁና እንዶድ ለዓሣ መሰላል

ይድረስ በናፍቆት ለማስብህ ወንድም ዓለሜ ለበኃይሉ፤ ካርቱም።

ጤናህ እንደምን ነው? ወገብህስ፣ ያ ሲሚንቶ ስታቦካ የጀመረህ ቁርጥማት ተወህ ወይስ አብሮህ በረሃ ወረደ? ሚስትህስ እንደምን አለች? ልጅህ ፍሬአብ አፉን ፈታ ወይ? ከፈታስ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚሳደበው? የዚያ አገር ሙቀት ሰው ይቀቅላል ይሉናል፤ እዚህ ደግሞ ጭጋጉ ቤት ገብቶ እንደ ዘመድ አብሮን ተቀምጧል። የአባቶቻችን አምላክ ከሙቀቱም ከክፉ ሰውም ይሰውርህ።

እኔ፣ ባለቤቴ ሰብሊና ልጃችን ሳሌም በጤና አለን። እናታችንም መንዝ ዘመሮ ላይ ደህና ናት፤ ገብሷ አምሯል፣ ሁለት በጎቿ መንታ መንታ ወልደውላታል፣ «ያ ግንበኛ ልጄ ድምፁ ጠፋ» ትላለች። የጤናችን ነገር ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ የምነግርህን ግን ቁጭ ብለህ አንብበው። ሦስት ሳምንት አልፎኛል፣ ድንጋጤው እስካሁን ከላዬ አልወረደም፤ ሰው ከኋላዬ ሲጠራኝ እንኳ እበረግጋለሁ። አንድ ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት፤ ይህ ሁለተኛው ነው።

በእጅህ የሠራኸውን መሰላል መቼም አትረሳውም። ከግድቡ ጎን ሃያ ሦስት ገንዳ፣ አንዱ ካንዱ በላይ እንደ ደረጃ የተደረደረ፣ ውሃው ከላይ ቀስ እያለ የሚወርድበት፤ በክረምት ከጀማ ተነሥቶ ዕንቁላሉን ላይኛው ጠጠር ላይ ሊጥል የሚመጣው ዓሣ ግድቡ ሥር ደርሶ እንዳይቀር፣ ከገንዳ ገንዳ እየዘለለ እንዲያልፍ። ስትገነባው የዓለም ከተማ ሰው «ለዓሣ ደረጃ ከሠሩለት ነገ ደግሞ ጫማ ይገዙለታል» እያለ ሲስቅብህ አንተ ምንም አልመሰለህም። ጭራሽ የመጨረሻው ደረጃ አናት ላይ ጥርብ ድንጋይ አቁመህ መስቀል ቀረጽክበትና «የኮከብ ልጅ በኃይሉ ሠራው፣ 1994» ብለህ የእናታችንን ስም ጻፍክ። በዓመቱ አንተ ወደ ሱዳን ሄድክ፣ የመሰላሉ ቁልፍ ለእኔ ቀረ።

ሥራዬ ይህን ያህል ከባድ አይደለም፣ ግን ዕረፍት የለውም። ማለዳ ከላይኛው በር ፊት ባለው የብረት ፍርግርግ ላይ ጎርፍ ያመጣውን ቅጠልና ግንድ በመንጠቆ እጎትታለሁ፣ ደለል የሞላውን ገንዳ በአካፋ እዝቃለሁ፣ በሩን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን መዘውር ቅባት እቀባለሁ። ከዚያ ላይኛው ደረጃ አጠገብ ተቀምጬ የሚያልፈውን ዓሣ እቆጥራለሁ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ባቄላ ጣሳ ውስጥ እጥላለሁ። ያስተማረችኝ የዓሣ ባለሙያዋ ወይዘሪት ለተሥላሴ ሁለት ነገር ደጋግማ አስጠንቅቃኝ ነበር። ከሰኔ እስከ መስከረም በሩን እንዳትዘጋ አለችኝ። ገንዳው ውስጥም ሳሙና የሚባል ነገር እንዳይገባ አለችኝ። ሁለቱንም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ አውቃቸዋለሁ።

ዘንድሮ ታዲያ መሰላሉ ላይ ክፉ ወሬ ተነሣ። የኃይል ማመንጫው ኃላፊ አቶ አፈወርቅ፣ «በዚህ ደረጃ የሚወርደው ውሃ ለእኛ ቢሆን ሁለት ወፍጮ ያስነሳ ነበር፤ የከተማው መብራት እየተንቀጠቀጠ እኛ ዓሣ እናዝላለን» ማለት ጀመሩ። እውነትም በየዓመቱ ጣሳው ውስጥ የሚገባው ባቄላ ጥቂት ነው፤ በደጉ ዓመት እንኳ ስልሳ አልሞላም። ስለዚህ ሐምሌ 20 ኮሚቴ መጥቶ በዓይኑ እንዲያይ፣ ዓሣው ካልወጣ መሰላሉ በሲሚንቶ እንዲደፈን ተወሰነ። አርባ ኬሻ ሲሚንቶ አስቀድሞ መጥቶ መጋዘን ገባ። አቶ አፈወርቅ በአጠገቡ ባለፉ ቁጥር ኬሻውን መታ መታ ያደርጉታል፣ ሰው ሊገዛ ያሰበውን በሬ እንደሚዳብስ።

እኔም ነገሩ አንገበገበኝ። የወንድሜን ሥራ በሲሚንቶ ሊያፍኑት? በዚያ ላይ አገሩ ሁሉ ለሚሌኒየሙ ሽር ጉድ ላይ ነው፤ አጥር ይታጠራል፣ ግድግዳ ይቀባል። የአንተ መሰላል ግን አምስት ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ለብሶ፣ ጽሑፍህ ጭራሽ አይታይም። ኮሚቴው ሲመጣ የማን እጅ እንደሠራው ያንብብ ብዬ ተነሣሁ። በብረት ብሩሽ ሞከርኩት፣ አልለቅ አለ። ሰብሊ ለፍልሰታ ነጠላና ጋቢ ልታጥብበት ያደረቀችው ሁለት ቁና እንዶድ ጓዳ ነበር። ሳሙና የተባለው የሱቁ ነው አልኩ በልቤ፤ እንዶድ ከአጥር ላይ የሚለቀም የእግዜር ፍሬ ነው፣ የታቦት መጎናጸፊያ ይታጠብበት የለም ወይ?

ሐምሌ 18 ረቡዕ፣ ለሁለት ቀን ብቻ ነው ብዬ በሩን ዘጋሁ። ገንዳዎቹ ውስጥ የቀረው ውሃ ደፍርሶ ስለነበር በውስጡ ያለው አይታየኝም። እንዶዱን ወቅጬ ከላይ እስከ ታች ደረጃውን ሁሉ አሸሁት፣ አረፋው እንደ ጉሽ ጠላ ገነፈለ። በማግስቱ ሐሙስ የገብርኤል በዓል ነው፤ ብሩሽ መንካት ነውር ነው። ይሁን፣ እንዲያውም ጋቢም ሲያድር ነው የሚነጣው ብዬ እንደተዘፈዘፈ ተውኩትና ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ። ገብርኤልን አክብሬ፣ ዓሣውን ፈጅቼ!

ዓርብ በማለዳ በሩን ከፈትኩ። ውሃው አረፋውን ጠራርጎ ወረደና ጽሑፍህ ብቅ አለ፤ ትናንት የተቀረጸ ይመስል ነበር። እናታችንን ያየኋት ያህል ደስ አለኝ። ፈገግታዬ ከፊቴ ሳይጠፋ ዞር ብዬ ወደ ታች አየሁ።

በኃይሉ፣ ወንዙ ነጭ ሆኖ ነበር። መጀመሪያ አረፋ መሰለኝ። ቀረብ ስል ሆድ ነው። የዓሣ ሆድ! ያ ወርቃማ ቅርፊት ያለው፣ እዚህ ሰዎች ቢልጫ የሚሉት ትልልቁ ዓሣ፣ ዕንቁላሉን በሆዱ እንደያዘ፣ ከታችኛው ገንዳ ጀምሮ በሩ እስኪከፈትለት ሁለት ቀን መሰላሉ ሥር ተሰብስቦ ሲጠብቅ የነበረው ሁሉ ተገልብጧል። አንዳንዱ ገና አፉን ይከፍታል። ክው ብዬ ቀረሁ። ደረጃው ላይ ዘጭ አልኩ። ለምን እንደሞቱ አልገባኝም፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ያን ጊዜ አልገባኝም። ከበላይ ደግሞ የእናታችን ስም ንጹሕ ሆኖ ይታያል።

ኮሚቴው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሲደርስ አረፋው ሄዶ አልቋል፣ ሬሳው ግን አለ። ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ቆመ። ለተሥላሴ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ውሃው ውስጥ ገባች፣ አንዱን አንሥታ ጉሮሮውን ከፍታ አየችና መልሳ አስቀመጠችው። አቶ አፈወርቅ «መርዝ ነው! ብርብራ ነው!» ብለው ጮኹ። ብርብራ እዚህ ቆላው ውስጥ ፍሬውን ወቅጠው ወንዝ ላይ እየነሰነሱ ዓሣ የሚያሰክሩበት ዛፍ ነው። ልክ በዚያች ሰዓት ፈለቀ ከታች በኩል ብቅ አለ።

ፈለቀን አታውቀውም። ከግድቡ በታች ጀማ ዳር የሚኖር፣ በመንጠቆ ዓሣ አውጥቶ ለፆም የሚሸጥ ሰው ነው። መሰላሉ አጠገብ ማጥመድ ክልክል ስለሆነ ደጋግሜ አባርሬዋለሁ። እሱም «አንተ መንዜ፣ ከበግ ሌላ እንስሳ አይተህ ታውቃለህ?» እያለ ያበሽቀኛል። በጎረምሳነቱ በብርብራ ያጠምድ እንደነበር አገር ያውቃል። የዚያን ቀን የሞተ ዓሣ በውሃው ሲወርድበት አይቶ ሮጦ መምጣቱ ነው፤ በሁለት እጁ ሁለት ቢልጫ ታቅፏል፣ ዓይኑ ደም መስሏል። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እኔም አፌን ከፈትኩና ማክሰኞ ዕለት ኬሻ ተሸክሞ በዚህ ሲያልፍ አይቼዋለሁ አልኩ። ማየቱን አይቼዋለሁ፤ ኬሻው ውስጥ የነበረው ግን ማሽላ ነው፣ ያንንም አውቃለሁ። በሩን ዘግቼ እንደነበር ግን ለአንድ ሰው ትንፍሽ አላልኩም። ፖሊሶች ፈለቀን ወደ ዓለም ከተማ ወሰዱት። ሲያልፍ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰብሊ ለሰኞው የልብስ እጥበት ልታሰናዳ ብላ እንዶዱን ፈልጋ አጣችው። የት እንደደረሰ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። የያዘችውን ገበታ ለቀቀችው። እሷ የወንዝ ዳር ልጅ ናት። እናቷ በእንዶድ ልብስ ባጠበች ቁጥር እጣቢውን ወንዝ እንዳይነካ ወስዳ እርሻ ላይ ትደፋው እንደነበር ነገረችኝ፤ ዓሣ ይፈጃል ትል ነበር አሉ። እኛ ዘመሮ ላይ በዚያ ውርጭ ከእንቁራሪት በቀር ምን የሚዋኝ ነገር አይተን አድገናል? አላመንኳትም። ወይም ማመን አልፈለግሁም። ከግድቡ በላይ ወጣሁና ጣት የማያህሉ ሦስት ትንንሽ ዓሣዎች በባልዲ አመጣሁ፣ ከወቀጥኩት እንዶድ የቀረችውን ቁንጥር ጣልኩበት። ከባልዲው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ጠበቅሁ። ብዙም አልቆዩም። አንዱ በጎኑ ተኛ፣ ሁለተኛው ተከተለው፣ ሦስተኛው አየር ፍለጋ አፉን አወጣ። ሰብሊ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። «ታዲያ ያ ሰውዬ?» አለችኝ።

አሁን የማልደብቅህን ልንገርህ። ያን ቀን አልሄድኩም። ሰኞም አልሄድኩም። የፈራሁት እስሩን ብቻ አይደለም። ጥፋቱ የፈለቀ ከሆነ ለተሥላሴ «የሰው ክፋት ነው እንጂ መሰላሉ ምን አጠፋ» ብላ መከራከር ትችላለች። ጥፋቱ የጠባቂው ከሆነ ግን አቶ አፈወርቅ «ጠባቂው ራሱ የፈጀበት መሰላል ለማን ይጠቅማል» ይላሉ፣ አርባው ኬሻ ይፈታል፣ የአንተ ሥራ በዚያው ታፍኖ ይቀራል። የአንተን ድንጋይና የፈለቀን ነፍስ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ሁለት ቀን ዋልኩ። ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ይኸው ነው ወንድሜ፣ እንዶዱ አይደለም፤ የእንዶዱስ ባለማወቅ ነው። እነዚያን ሁለት ቀኖች ግን እያወቅሁ ነው የዋልኳቸው፣ እህልም በልቼባቸዋለሁ።

ማክሰኞ በእግሬም በጭነት መኪናም ብዬ ዓለም ከተማ ገባሁ። ፖሊሱ ቃሌን ሲቀበል እስክሪብቶውን አስቀምጦ «እንዶድ? የኔም ሚስት በእንዶድ ነው የምታጥበው እኮ!» አለና በድንጋጤ የለበሰውን ሸሚዝ አየ። ለተሥላሴን አስጠሩልኝ። ሳሙና እንዳይገባ አላልኩህም ወይ አለችኝ። እንዶድ ሳሙና አይደለም ብዬ ነው አልኳት። ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እኔ ደግሞ የመንዝ ሰው በምን እንደሚያጥብ ሳልጠይቅ ነው ያስተማርኩህ» አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ፈለቀን አራት ቀን ከታሰረበት ፈቱት። በአንድ መኪና ተጭነን፣ በአንድ መንገድ ቁልቁል ወርደን፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ግድቡ ጋ ደረስን። እዚያ ቆም ብሎ በሩ ተከፍቶ እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ። ተከፍቷል አልኩት። «የመጀመሪያዎቹ ችኩሎቹ ናቸው፤ ጎርፉ ሲያይል ሌላው ወገን ይመጣል» ብሎ ሄደ።

እኔ ከሥራዬ ተነሣሁ፤ የሚገባኝም እሱ ነው። ለተሥላሴ እስከ ፍልሰታ ፍች ድረስ ሌላ ቆጠራ ይደረግ ብላ ተሟገተችና አሸነፈች። ቁልፉን ለማን እናስረክብ ሲሉ ለፈለቀ አልኩ። አቶ አፈወርቅ «ጅብን ቆዳ አስጠብቁት» ብለው ሳቁ። ለተሥላሴ ግን ቁልፉን ከእጄ ተቀብላ ለፈለቀ ሰጠችው። እኔ ያለ ሹመት፣ ፍርግርጉን እያጸዳሁ ደለሉን እየዛቅሁ ከሥሩ ሠራሁ። እሱ በጣቱ ያመለክተኛል፣ እኔ እሠራለሁ። ዘጠኝ ቀን ቃል አልተነፈሰልኝም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ነሐሴ 8፣ ጎርፉ መጣ፤ እሱ እንዳለውም ሌላው ወገን መጣ። ሃያ ሁለቱን ገንዳ እየዘለሉ ወጡ። ፈለቀ እጄን ይዞ ጎተተኝና ከላይኛው ደረጃ ጎን አንበረከከኝ። አንድ ቢልጫ ዘለለ፣ ተመትቶ ወደቀ። ሌላው ዘለለ፣ ወደቀ። እስከ አሥራ አንድ ድረስ ቆጠርኩ። የሚመታቸው ምን እንደሆነ ሳይ ድጋሚ ክው አልኩ። የአንተ ድንጋይ ነው። ስምና መስቀል እንዲይዝልህ ብለህ ከሌላው ደረጃ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገህ ያቆምከው። አምስት ዓመት ሙሉ ያችን ስንዝር የሚዘሉት ጎበዞቹ ብቻ ነበሩ፤ ሌላው ደጃፍ ደርሶ ነበር የሚመለሰው። እኔ ባቄላዬን ይዤ እዚያው ተቀምጬ፣ የሚያልፈውን እንጂ የሚመለሰውን ቆጥሬ አላውቅም። ስምህ እንዲታይ አንተ ድንጋይ ከፍ አደረግህ፣ እኔ እንዶድ ዘፈዘፍኩ፤ ከአንድ ማሕፀን ለመውጣታችን ሌላ ምስክር አያሻንም።

ፈቃድህን ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር፤ ደብዳቤ ደርሶ እስኪመለስ ግን መስቀልም ያልፋል፣ ዓሣው ደግሞ አይጠብቅም። እኔው ነኝ ያነሣሁት። መሮና መዶሻ ይዤ ሲሚንቶህን ዙሪያውን ፈለፈልኩ፣ በድጅኖ ነቀልኩት። እጅህ ጠንካራ ነው፣ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። እየመታሁ አለቀስኩ፣ ፈለቀም አየኝ፣ አላፈርኩም። ድንጋዩ ሲነሣ ውሃው ለስለስ ብሎ ወረደ፣ ዓሣው ተከታትሎ ገባ። ነሐሴ 10 ለተሥላሴና ኮሚቴው መጥተው በዓይናቸው ቆጠሩ። ከማለዳ እስከ ቀትር ሰማንያ ሰባት ባቄላ። መድፈኑ ለአንድ ዓመት ተራዘመ። አቶ አፈወርቅ ከአርባው ኬሻ አንዱን አስወጥተው ለተነቀለው ደረጃ መለሰኛ ይሁናችሁ ብለው ሰጡን።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። ነሐሴ 12፣ በሚካኤል ቀን፣ እንደ አባቶቻችን ወግ ድንጋይ ተሸክሜ ፈለቀ ደጃፍ ሄድኩ። የተሸከምኩት የአንተን ድንጋይ ነው። ከግድቡ እስከ እሱ ቤት ቁልቁለቱን አንገቴን አጎበጠው። ደጁ ላይ ተንበርክኬ ስለ ገብርኤል ይቅር በለኝ አልኩት። ማንበብ አይችልም፤ ጎንበስ ብሎ ፊደሉን በጣቱ እየዳሰሰ የማን ስም እንደሆነ ጠየቀኝ። የእናታችን ነው አልኩት። «የእናትህን ስም ተሸክመህ እንዴት ትንበረከክልኛለህ» አለና በሁለት እጁ ከአንገቴ አወረደው። መሬት ላይ አላስቀመጠውም፤ ቤቱ ይዞት ገብቶ መደቡ ላይ አኖረው። አንተ እስክትመጣ እዚያው ነው።

እናታችን ወይዘሮ ኮከብ እንደ ዘመሮ ሜዳ ሰፊ ሰላምታ ልካልሃለች፤ ስለ ድንጋዩ አልነገርኳትም፣ ያንን አንተው ትነግራታለህ። ሰብሊ እጅ ነሥታለች፤ ጋቢዋን ዘንድሮ በሱቅ ሳሙና ነው ያጠበችው፣ አልነጣላትም፣ ግን አላማረረችም። ሳሌም ለፍሬአብ ሰላም በልልኝ ብላለች። ሚስትህን እጅ ንሣልኝ፣ ፍሬአብን ግራና ቀኙን ሳምልኝ። ፈለቀም ይህን ስጽፍ አጠገቤ ነበረ። ለግንበኛው ሰላም በልልኝ ብሎሃል፤ «ሃያ ሁለቱን ደረጃ አሳምሮ ሠርቷል፣ ሃያ ሦስተኛውን ግን መጥቶ በእጁ ይለስነው፣ ስሙንም ከፈለገ እኔ ቤት ይጻፈው» ብሎሃል።

ወንድምህ መኳንንት
ከግድቡ ሥር፣ መርሐቤቴ
ነሐሴ 14 ቀን 1999 ዓ.ም.